የቁልፍ ሠሪው ልጅ ጌዎርግ ኦም

ፊዚክስ የሚማር ሁሉ ኦም የሚለውን ቃል ያውቃል። ቃሉ የመለኪያ ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም እንደ ነበረ የሚያስቡ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ እኔ የዚህን መምህር ሕይወት ለመጽሔታችን አንባቢዎች ባጭሩ ልጽፍ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጌዎርግ ሲሞን ኦም በ1789 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበረ። በራሱ ጥረት ብዙ የተማረ ሰው ስለ ነበረ ለልጆቹ ሒሳብንና ሳይንስን ያስተማረ እርሱ ራሱ ነው። እናቱ የሞተችው ኦም ገና ሕፃን ሳለ ነው። በ1805 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ጊዜውን በዳንስና በጨዋታ ስላሳለፈ አባቱ ተቆጥቶ ትምህርቱን አስተወው። ወደ ስዊስ አገር ሄዶ ሒሳብ አስተማረ፤ በኋላም ተመልሶ በ1811 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ።

በ1817 ዓ.ም. በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በዚያ ዘመን መዳብ ኮረንቲን እንደሚያሳልፍ፥ ብርጭቆ ግን እንደማያሳልፍ ይታወቅ ነበር። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ በምን ሕግ እንደሚበዛና እንደሚያንስ ግን ገና ግልጽ አልነበረም። ኦም ይህን ለመለካት ሲነሣ የዘመኑ ባትሪ ኃይሉ እየተለዋወጠ አስቸገረው። ስለዚህ ቢስሙትና መዳብን አገናኝቶ፥ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፥ ሁለተኛውን በበረዶ ውስጥ አኖረ። የሙቀቱ ልዩነት እኩል ሆኖ ሲቆይ ኮረንቲውም አይለዋወጥም። ከዚያ በኋላ የሽቦውን ርዝመት እየለዋወጠ፥ የማግኔት መርፌ ምን ያህል እንደሚዞር ለካ።

ያገኘውም ይህ ነው፤ ሽቦው በረዘመ መጠን ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ ይጨምራል፤ በወፈረ መጠን ይቀንሳል። የ12 ቮልት ባትሪ 6 ኦም ተቃውሞ ባለው ሽቦ ውስጥ 2 አምፔር ያሳልፋል፤ ተቃውሞው 12 ኦም ቢሆን ግን 1 አምፔር ብቻ ያልፋል። መዳብ ኮረንቲን በቀላሉ የሚያሳልፈው በውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱ ነጻ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ነው፤ በጎማና በብርጭቆ ውስጥ ያሉት ግን ከቦታቸው አይላቀቁም። ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897 ዓ.ም. ነውና፥ ኦም ሕጉን ያገኘው ምክንያቱን ሳያውቅ በልኬት ብቻ ነው።

በ1827 ዓ.ም. መጽሐፉን ሲያሳትም በአገሩ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ኦም አዝኖ የኮሎኝን ሥራ ለቀቀ፤ እስከ 1833 ዓ.ም. ድረስም የሚገባውን ሥራ ሳያገኝ ቆየ። በ1841 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የኮፕሊን ሜዳይ ሸለመው። በ1852 ዓ.ም. በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዐረፈ። በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የተቃውሞ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰኑ።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ! የዚህ ሰው ሀብት አንድ ሽቦ፥ አንድ መርፌና የማይሰለች ትዕግሥት ነበረ። የናቁት ሰዎች ስም ተረስቶ ሳለ የቁልፍ ሠሪው ልጅ ስም ዛሬ በየቤተ ሙከራው ይጠራል። እኛም ባትሪና ሽቦ ስናገናኝ፥ መልሱን ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ ራሳችን ብንለካ የእርሱ ተማሪዎች መሆናችን ነው።