ኤሚል ዱርክሄም፡ ከወንጀል የጸዳ ማኅበረሰብ የለም ብሎ ያስተማረው ፈረንሳዊ ሊቅ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በርካታ የአውሮፓ ምሁራን የወንጀልን ምንጭ የሚፈልጉት ከወንጀለኛው ገላ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶ የራስ ቅልና መንጋጋ እየለካ፣ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ ይል ነበር። ኤሚል ዱርክሄም ግን ዓይኑን ከግለሰቡ አንስቶ በማኅበረሰቡ ላይ አሳረፈ።

ዱርክሄም በአውሮፓውያኑ 1858 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ኤፒናል ከተማ ተወለደ። አባቱም አያቱም የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎች፣ ራቢዎች ነበሩ። እሱ ግን የእነሱን መንገድ ትቶ ትምህርትን መረጠ። ፓሪስ ወደሚገኘው ስመ ጥር የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪዬር፣ የገባው ሁለት ጊዜ ሳይሳካለት ቀርቶ በ1879 በሦስተኛው ሙከራው ነው። ከ1887 ጀምሮ በቦርዶ አስተማረ።

በ1895 ስለ ሶሲዮሎጂ ጥናት ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ ብዙዎችን ያስደነገጠ ሐሳብ አቀረበ፤ ወንጀል በየትኛውም ማኅበረሰብ የሚገኝ የተለመደ ክስተት ነው የሚል። መነኮሳት ብቻ የሚኖሩበት ፍጹም ገዳም እንኳ ቢኖር፣ ሌላው ሰው ከቁብ የማይቆጥራት ትንሽ ጥፋት እዚያ እንደ ከባድ ነውር ትታያለች። ቅጣትም ከአጥፊው ይልቅ የሚያገለግለው ሕግ አክባሪውን ነው፤ የጋራ እሴቱን ያጸናለታልና። አንዳንድ አፈንጋጭ ደግሞ የነገው ሥነ ምግባር ጠራጊ ይሆናል። ለዚህም በአቴንስ ሞት የተፈረደበትን ሶቅራጥስን በምሳሌነት አንስቷል።

ዳኛና ምሁር የነበረው ገብርኤል ታርድ ወዲያው ተቃወመው። ዱርክሄም ግን ወንጀልን አላወደሰም። ከልክ ያለፈ ወንጀል ለእሱም የሕመም ምልክት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ራስን ማጥፋትን በሚመለከት ባሳተመው ጥናቱ አኖሚ የተሰኘውን ጽንሰ ሐሳብ አዳበረ። ኑሮ በድንገት ሲናጋ፣ በድህነትም ይሁን በድንገተኛ ብልጽግና፣ የሰውን ፍላጎት የሚገታው ደንብ ይላላል።

ሐሳቡ ከገዛ ሕይወቱ ጋር የተገናኘው በድሬይፉስ ጉዳይ ነው። አይሁዳዊው የጦር መኮንን አልፍሬድ ድሬይፉስ ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በ1894 በሐሰት ተፈርዶበት ነበር። ዱርክሄም በልጅነቱ፣ ፈረንሳይ በ1870 ጦርነት ስትሸነፍ አይሁዳውያን የሽንፈቱ ጥፋተኛ ተደርገው ሲወነጀሉ ተመልክቷል። በ1899ም የተጨነቀ ማኅበረሰብ ለመከራው ተጠያቂ የሚያደርገው አካል እንደሚፈልግ አስረዳ። ወንጀለኛ የተባለው ሁሉ ጥፋተኛ አለመሆኑን ፈረንሳይ ያመነችው በ1906፣ ድሬይፉስ ነጻ ሲባል ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት የዱርክሄምን ቤት አፈረሰ። እንደ እሱ ምሁር ለመሆን ይዘጋጅ የነበረው ልጁ አንድሬ በ1915 በባልካን ግንባር ሞተ። አባትየውም ከሐዘኑ ሳያገግም በኅዳር 1917፣ በ59 ዓመቱ አረፈ።

አሜሪካዊው ሮበርት ሜርተን በ1938 አኖሚን ለራሱ አገር ተረጎመው፤ ማኅበረሰቡ ሁሉንም ሀብታም ሁኑ እያለ መንገዱን ለጥቂቶች ብቻ ሲከፍት፣ አንዳንዶች በተከለከለው መንገድ ይሄዳሉ ሲል። የወንጀልን መንስኤ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ዛሬም ከእነዚህ ሐሳቦች ጋር ይሟገታሉ።