ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በነገሥታት ፊት

ገዢ ማስፈራራት የሚችለው የሚወሰድበት ነገር ያለውን ሰው ነው። ሹመት ያለው ሹመቱን፥ ርስት ያለው ርስቱን እንዳያጣ እየሠጋ እውነቱን በልቡ ይሸሽጋል፤ አስቀድሞ ኹሉን የተወ ሰው ግን በዙፋን ፊት ሲቆም ምላሱ አይታሰርም። ለዚህ ነገር ምስክር ከኾኑት አንዱ የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ስሙን በቅዳሴው የሚያውቅ ምእመን ብዙ ነው፤ ስለ ድኾች ሲል ከቤተ መንግሥት ጋራ እንዴት እንደ ተጋጠመና በስደት መንገድ እንዴት እንደ ሞተ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ዮሐንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ349 ዓ.ም. ገደማ በሶርያ ምድር በአንጾኪያ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የጦር ሹም ነበረ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቱ አንቱሳ በኻያ ዓመት ዕድሜዋ ገደማ መበለት ኾነች። እርሷም ሌላ ባል ሳታገባ ገንዘቧንና ጕልበቷን ልጇን ለማሳደግና ለማስተማር ሰጠች። የንግግርን ጥበብ የተማረው ከሊባንዮስ ነው፤ ይህ መምህር አረማዊ ቢኾንም በዘመኑ ወደር አልነበረውም፤ ሊሞት ሲል፥ ክርስቲያኖች ባይወስዱበት ኖሮ ወንበሩን ለዮሐንስ ሊያወርስ ይወድ እንደ ነበረ ይነገራል።

ዮሐንስ ግን በዚያ ጥበብ በሸንጎ ተሟግቶ ሀብትና ሹመት ማግኘት ሲችል ኹሉን ትቶ ወደ ተራራ ወጣ። አራት ዓመት ከአንድ ሽማግሌ መነኵሴ ጋራ፥ ኹለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ኖረ። በጾምና በትጋት ብዛት ሰውነቱ ስለ ተጐዳ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ሕመሙም እስከ ሞቱ ድረስ አልለቀቀውም። ነገር ግን በዚያ ዋሻ አንድ ትልቅ ነገር ተምሮ ወጣ፤ ይኸውም ያለ ምንም ነገር መኖርን ነው። በ381 ዓ.ም. ዲቁና፥ በ386 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ።

ቅስና በተቀበለ በዓመቱ አንጾኪያን ታላቅ መከራ አገኛት። ንጉሡ ቴዎዶስዮስ ከባድ ግብር ስለ ጣለ ሕዝቡ ተቈጥቶ የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ምስሎች ከቆሙበት ጥሎ በየመንገዱ ጐተተ። በዚያ ዘመን የንጉሥን ምስል መድፈር ራሱን ንጉሡን እንደ መምታት ይቈጠር ነበርና ብዙዎች ተይዘው ተገደሉ፤ የቀሩትም ከተማችን ትጠፋለች እያሉ ወደ በረሓ ሸሹ። ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ ከእርጅናው ጋራ ምሕረት ለመለመን ወደ ቁስጥንጥንያ ሲሄድ፥ ዮሐንስ በዚያ የዐቢይ ጾም የተሸበረውን ሕዝብ በተከታታይ ስብከት እያጽናና ጠበቀ። ከተራራ የወረዱ መነኰሳትም በዳኞች ፊት ቆመው ስለ እስረኞች ማለዱ። በመጨረሻም የንጉሡ ምሕረት ተገኘ። ዮሐንስ በዚህ ነገር ኹለት ትምህርት አገኘ፤ የንጉሥ ቍጣ ከተማን እንደሚያናውጥ አየ፥ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ደግሞ ያን ቍጣ ሊመልስ እንደሚችል ተረዳ።

በ397 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሲያርፍ፥ በንጉሡ በአርቃድዮስ ዘንድ ሥልጣን ኹሉ በእጁ የነበረው ጃንደረባ ኤውጥሮጵዮስ ዮሐንስን መረጠ። የአንጾኪያ ሕዝብ መምህሩን እንዳይከለክል ተብሎ ዮሐንስ በዘዴ ከከተማው ውጭ ተጠርቶ በመንግሥት ሠረገላ ተወሰደ። በ398 ዓ.ም. የካቲት ወር ተሾመ። ቤተ መንግሥቱ ይህን መነኵሴ ያመጣው በንግግሩ ጌጥ ሊኾነው ነበረ፤ ነገር ግን ያመጣው ዳኛውን ነበረ።

ዮሐንስ ወደ መንበሩ እንደ ገባ የመንበረ ጵጵስናውን ወጪ መረመረ። ግብዣውን አስቀረ፤ ለጌጥ የተዘጋጀውን ዕብነ በረድና ውድ ዕቃ ሸጠ፤ በገንዘቡም የሕሙማን ቤት ሠራ። ራሱ ብቻውን ጥቂት ምግብ ይበላ ነበር። በመንበሩ ሳለም ድኻው በደጅ እየተራበ ባለጠጎች በወርቅ አልጋና በሐር ልብስ መመካታቸውን ያለ ፍርሃት ገሠጸ። ሹመት በገንዘብ የገዙትን ኤጲስ ቆጶሳት በኤፌሶን ሻረ። ሕዝቡ ወደደው፤ ባለጠጎች፥ ምቾት የለመዱ ካህናትና የቤተ መንግሥት ወይዛዝርት ግን ጠሉት። ተግሣጹ አንዳንድ ጊዜ የከረረ፥ ጠባዩም ለማባበል የማይመች መኾኑን ወዳጆቹም አልካዱም።

የዮሐንስ ተጋድሎ ከሰው ጋራ ሳይኾን ከግፍ ጋራ እንደ ነበረ የሚያስረዳው በ399 ዓ.ም. የኾነው ነገር ነው። ያ ኤውጥሮጵዮስ በሥልጣኑ ዘመን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚማፀኑ ስደተኞች ጥገኝነት እንዳያገኙ ሕግ አስወጥቶ ነበር። ንጉሡ በተቈጣው ቀን ግን እርሱ ራሱ ሸሽቶ መንበረ ታቦቱን ዐቅፎ ተገኘ። ወታደሮች ስጡን ሲሉ፥ ሕዝቡም ይሙት ብሎ ሲጮኽ፥ ዮሐንስ በመካከል ቆሞ አልሰጥም አለ። በማግሥቱም ለተሰበሰበው ሕዝብ የዚህን ዓለም ክብር ከንቱነት እያስተማረ ለወደቀው ሰው ምሕረት ለመነ። ኤውጥሮጵዮስ ኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ተያዘና ተገደለ። በሥልጣን ላይ ሳለ የገሠጸውን ሰው በወደቀ ጊዜ መጋረድ፥ ጠላትን ከመድፈር የሚበልጥ ድፍረት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥልጣን ወደ ንግሥቲቱ ወደ አውዶክስያ እጅ ገባ። ንግሥቲቱ በመጀመሪያ ዮሐንስን ታከብር ነበር፤ ነገር ግን ስለ ቅንጦትና ስለ ድኾች መገፋት የሚናገረውን ኹሉ ነገረ ሠሪዎች በእርሷ ላይ የተነገረ እያስመሰሉ ያቀርቡላት ጀመር። በዚሁ ጊዜ ከግብጽ ገዳማት የተሰደዱ መነኰሳት ወደ ዮሐንስ ስለ ተጠጉ በእርሱና በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቴዎፍሎስ መካከል ጠብ ተነሣ። የአባቶች መለያየት ለቤተ መንግሥቱ በር ከፈተለት። በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ ባድባር በሚባል ስፍራ በተደረገው ጉባኤ 29 ክስ ቀረበበት፤ ከክሱም አንዱ ብቻውን መብላቱ ነበር። ዮሐንስ ጠላቶቹ ዳኞች ኾነው በተቀመጡበት ጉባኤ አልቀርብም ስላለ በሌለበት ሻሩት፥ ንጉሡም እንዲሰደድ አዘዘ። ነገር ግን ሕዝቡ ታወከ፤ በቤተ መንግሥትም መቅሠፍት ስለ ደረሰ፥ አንዳንዶችም የምድር መናወጥ ነው ስለሚሉ፥ ንግሥቲቱ ፈርታ በጥቂት ቀን መለሰችው።

ሰላሙ ግን አልቈየም። በዚያው ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በረዥም ዐምድ ላይ የንግሥቲቱ የብር ምስል ቆመ፤ ለምርቃቱም የተደረገው ዘፈንና ጩኸት ቅዳሴውን አወከ። ዮሐንስ ይህን ዝም አላለም። በ404 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ሌሊት ወታደሮች ወደ ጥምቀቱ ስፍራ ገብተው ሊጠመቁ የቆሙትን አባረሩ፤ የመጠመቂያው ውሃ በቈሰሉት ደም ቀላ። በሰኔ ወር ዮሐንስ ሕዝቡ ለእርሱ ሲል እንዳይጋደል ሰግቶ በስውር በር ወጥቶ ራሱን ለወታደሮች ሰጠ። በዚያች ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ፤ ቃጠሎውም በወዳጆቹ ላይ ተመካኝቶ ብዙዎች ታሰሩ፥ ተገረፉም። ሀብቷን ለድኾች የበተነች ዲያቆናዊት ኦሎምጵያስም በሸንጎ ቆማ ካልተካደች በኋላ በገንዘብ ተቀጥታ ተሰደደች።

ዮሐንስ በአርመንያ ተራሮች መካከል ወደምትገኝ ኵኵሶስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተወሰደ። ብርዱና የሽፍቶች ወረራ ቢያስጨንቀውም ዝም አላለም፤ ለኤጲስ ቆጶሳት፥ ለካህናት፥ ለኦሎምጵያስና ለወዳጆቹ ኹሉ ይጽፍ ነበር፤ ከ200 የሚበልጡት ደብዳቤዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። የአንጾኪያ ምእመናንም እስከዚያ ድረስ እየሄዱ ይጐበኙት ጀመር። ቤተ መንግሥቱ ሰውዬው በስደቱ ከመንበሩ ይልቅ እንደ ተሰማ ባየ ጊዜ በ407 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ፒትዩስ እንዲወሰድ አዘዘ። ወታደሮቹ በፀሓይና በዝናም እየነዱ ያለ ዕረፍት አስኬዱት። በጶንጦስ ባለችው በቆማና በአንድ ሰማዕት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደከመ፤ ነጭ ልብስ ለብሶ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለና ስለ ኹሉ ነገር እግዚአብሔርን እያመሰገነ በመስከረም 14 ቀን ዐረፈ።

ከ31 ዓመት በኋላ በ438 ዓ.ም. ዐፅሙ በክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የነገሠው የአርቃድዮስና የአውዶክስያ ልጅ ኹለተኛው ቴዎዶስዮስ ነበር፤ ግንባሩን በሣጥኑ ላይ አድርጎ ስለ አባቱና ስለ እናቱ በደል ይቅርታ ለመነ። ወላጆች በሕይወቱ ያሳደዱትን ልጃቸው በሞቱ ተማፀነው።

ያ የብር ምስል ጠፍቷል፤ የቆመበት ዐምድ መሠረት ብቻ በ19ኛው መቶ ዓመት ከመሬት ውስጥ ተገኝቷል። የዮሐንስ ቃል ግን ወሰን ተሻግሮ በግእዝ ተተርጕሞ ይነበባል፤ በስሙ የተጠራው ቅዳሴ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን 14 ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ መታሰቢያውም በኅዳር 17 እና በግንቦት 12 ቀን ይደረጋል። መታሰቢያውን የሚያከብር ካህንም ምእመንም፥ ባለሥልጣንን ከመገሠጹ በፊት የገዛ ቤቱን ወጪ እንደ መረመረ፥ በኀያላን ላይ ከመናገሩ በፊት ኀያላን ሊወስዱበት የሚችሉትን ኹሉ እንደ ተወ፥ ጠላቱም በወደቀ ጊዜ እንደ ጋረደው ልብ ሊለው ይገባል። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት ድፍረት ጩኸት ብቻ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ግን ስደትም ሞትም ቃሉን አያስቀረውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።