አርተር ራምቦና ጥይት የማይጎርሱ ጠመንጃዎቹ

አርተር ራምቦ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሐረር የሚገኘውን በስሙ የሚጠራ ሙዚየም ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ደግሞ ባለቅኔነቱን ያነሳል። የጠመንጃ ነጋዴነቱ ግን እምብዛም አይወራም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን በዚያ ንግድ በኩል እንመለከታለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ በ1854 በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና በአፍላ ዕድሜው የፈረንሳይን ግጥም መልክ የለወጡ ሥራዎችን ጻፈ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ተወው። ብዙ አገር ከዞረ በኋላ በ1880 ኤደን ደርሶ በባርዴ የንግድ ድርጅት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ሐረር ገባ።

በ1885 ከድርጅቱ ወጣና ሸዋን ከሚያውቅ ፒየር ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተሻረከ። ዕቅዳቸው ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ መሸጥ ነበር። ጠመንጃዎቹ የአውሮፓ ጦር ከብዙ ዓመት በፊት የጣላቸው አሮጌ መሣሪያዎች ናቸው። የቤልጅጓ ሊዬዥ ከተማ ውስጥ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛል፤ ሸዋ ሲደርስ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣል ተብሎ ታሰበ። ትርፉ ያስጎመጃል።

ችግሩ ያለው አጎራረሱ ላይ ነው። በእነዚህ ጠመንጃዎች ባሩዱና አረሩ በአፈሙዝ በኩል ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ከኋላ ደግሞ ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደረጋለች፤ ምላጩ ሲሳብ መምቻው ቆቧን መትቶ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ባሩዱና እርሳሱ አገር ቤት ሊዘጋጅ ይችላል፤ ቆቧ ግን ከባሕር ማዶ መምጣት አለባት። ሬሚንግተን የተባለው አዲሱ ጠመንጃ ግን ባሩዱ፣ አረሩና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ የታሸገ ጥይት ከኋላ ይጎርሳል። እሱም ቢሆን ያገኘውን ሁሉ አይጎርስም። ለግብጽ ጦር የተሠራው የሬሚንግተን ጥይት እንኳ ለስፔን ከተሠራው ይለያል።

ታዲያ የራምቦ ሲራራ ነጋዴ የጫነው ምን ነበር? 2,040 ባለ ቆብ ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት! ጥይቱ ቀድሞ ሬሚንግተን ላለው ሰው እንጂ ለእነዚያ ጠመንጃዎች አይሆንም።

መንገዱም ቀና አልነበረም። የመሣሪያ ዝውውር ታገደና ልዩ ፈቃድ እስኪገኝ ታጁራ ላይ ወራት አለፉ። ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ሄዶ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ፖል ሶሌዬም በ1886 ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ብቻውን ተነስቶ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ገባ።

ሲደርስ ገበያው ተለውጦ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ በጃንዋሪ ጨለንቆ ላይ የሐረርን አሚር ድል አድርገው፣ ግብጾች ትተውት የሄዱት መሣሪያ በእጃቸው ገብቷል። የግብጽ ጦር ዋና ጠመንጃ ደግሞ ሬሚንግተን ነበር። በዚህ ላይ የላባቱ አበዳሪዎች ራምቦን ያዙት። ንጉሡም ዕቃውን ባነሰ ዋጋ ወሰዱትና፣ ዕዳው ተቀንሶ 9,000 ብር ከደጃዝማች መኮንን ሐረር እንዲቀበል ታዘዘለት። በራሱ ሂሳብ ሁለት ዓመት ያህል የለፋበት ንግድ ኪሳራ ሆነ።

ከ1888 ጀምሮ ሐረር ላይ ሱቅ ከፍቶ ነገደ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ተወሰደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ አረፈ።

ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ ሲባል የራምቦ ጭነት አድዋን ያሸነፈ ሊመስል ይችላል። በ1896 ግን የሠራዊቱ መመኪያ እንደ ሬሚንግተንና ውጅግራ ያሉት ጥይት ጎራሽ ጠመንጃዎች ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ መንግሥት ስንት ጠመንጃ እንዳለው መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ለየትኛው ጠመንጃ የትኛው ጥይት በእጁ እንዳለም መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥይት ያጣ ጠመንጃ ከዱላ አይሻልምና።