የእቴጌ ጣይቱ ማዕድ እና የገበሬው በሬ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አጠና ተራ በሚባለው ሰፈር የሚያልፍ ሰው በየደጃፉ ተደርድሮ የሚያየው የባሕር ዛፍ አጠና ለቤትና ለአጥር ብቻ የሚሸጥ ሊመስለው ይችላል። ሠርግ ወይም ተዝካር ያለበት ቤተሰብ ግን ለዳሱ ቋሚና ወራጅ የሚሆነውን እንጨት የሚያገኘው ከእንዲህ ያለው ገበያ ነው። ዳሱ ከተጣለ በኋላ ጤፉ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ማሩና ጌሾው ከየገጠሩ ተሰብስቦ ይመጣል፤ በሬው ይታረዳል፤ ጠጁ ይጣላል። ድግስ በከተማ ይበላል እንጂ የሚበቅለው በገጠር ነው።

ይህን እውነት በቤተ መንግሥት ደረጃ ከማንም አስቀድመው ተረድተው ማዕድን የአገር ግዛት መሣሪያ ያደረጉት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአድዋ ድልና ከአዲስ አበባ ምሥረታ ጋር ነው። የማዕድ ቤት ታሪካቸው ግን በቂ ትኩረት ሳይሰጠው ቆይቷል፤ ለገበሬውም ለከተሜውም የሚያስተምረው ብዙ ነው።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፣ ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ናቸው። በዘመኑ ለሴቶች ብዙም ያልተለመደውን ትምህርት ተምረው ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ በገና ይደረድሩ እንደነበርም ይነገራል። ያደጉበት የሰሜኑ መኳንንት ቤት እንግዳ በማዕረጉ የሚቀመጥበት፣ ምግብ በሥርዓት የሚቀርብበት ቤት ነበር። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን በአንኮበር የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ባገቡ ጊዜ ከጎንደር፣ ከስሜንና ከየጁ የወረሱትን የወጥ ቤት ጥበብ ይዘው ሸዋ ገቡ።

ያን ጊዜ የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ነበረች። ከፍታዋ ለመከላከል ቢመችም ብርዷ ይበረታል፣ ውኃዋም ሩቅ ነው። እቴጌይቱ ከተራራው ግርጌ ባለው የፍልውኃ መስክ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት በ1879 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ደግሞ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ታላቅ ግብር አገቡ። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፉት መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጡት ለዚህ የጣይቱ ድግስ ነው። በእርሳቸው አስተያየት ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ተብሎ በዓለም የሚታወቀው የእንጀራና የወጥ ሥርዓት እንደ አገር ማዕድ ጎልቶ የታየው በዚያ ዳስ ውስጥ ነው። የሰሜኑ ወጥ፣ የሸዋው ጠጅ፣ አዲስ ከቀኑት አገሮች የመጣው ማርና ቅመም በአንድ መሶብ ዙሪያ ተገናኙ። ከየአውራጃው የመጡት መኳንንትና ወታደሮችም የአንድ መንግሥት ሰዎች መሆናቸውን በመብላት አወቁ።

በቋንቋችን ግብር የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ገበሬው ለጌታው የሚያስገባው እህል፣ ማርና ከብት ግብር ይባላል፤ ንጉሡ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ድግስም ግብር ይባላል። ሁለቱ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው። ጤፉ በሁዳድ መሬት ላይ በገበሬው ያለ ክፍያ ጉልበት ይታረሳል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል፤ ማሩ በገንቦ ተጭኖ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ በመጨረሻ በአዳራሹ ውስጥ እንጀራና ጠጅ ሆኖ ይቀርባል። እቴጌይቱ የቆሙት በሁለቱ ጫፎች መካከል ነበር። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ጠላ ቤቱ እያንዳንዳቸው ኃላፊ ነበራቸው። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠሩት፣ ለማን ምን እንደሚቀርብ የሚወስኑት እቴጌይቱ ነበሩ።

በአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት አዳራሹ ከተሠራ በኋላ በግብር ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ ይበላ ነበር። መኳንንቱ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ወታደሩና ባላገሩ ተከታትለው ይገባሉ። ብርንዶው በአሸካሪዎች እየተያዘ በተመጋቢው መካከል ይዞራል፤ ለታላላቆቹ ጠጅ በብርሌ፣ ለሌላው በዋንጫ ይቀዳል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ሌሊቱን በወፍጮ ላይ የሚያነጉ ሴቶች፣ ውኃና እንጨት የሚሸከሙ አገልጋዮች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። የማዕዱን ክብር የሚተርክ ሁሉ የእነርሱን ድካም አብሮ መተረክ ይገባዋል።

የእንጦጦው ድግስ ብዙም ሳይቆይ ማዕዱ በምን ላይ እንደቆመ በመራራ ሁኔታ ታየ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች አማካይነት የገባው የከብት በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን አዳረሰው። በሽታው በኋለኛው ዘመን አማርኛ ደስታ በሽታ በመባል የሚታወቀው ነው። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና የአንበጣ መንጋ ተጨመሩበት፤ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚያስታውሰው ረኃብ ወደቀ። አፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፤ እቴጌይቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዘውድ ጫኑ። ይህ የሆነው ረኃቡ በጸናበት ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሬ የሌለው ገበሬ ተስፋ እንዳይቆርጥ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ። ከቤተ መንግሥቱ ጎተራ ለተራበው እህል ተሰጠ።

ክፉው ቀን መንግሥቱን አንድ ነገር አስተማረው። ወታደሩ በገበሬው ቤት እየሠፈረ ያገኘውን ሁሉ መብላቱ ገበሬውን ከእርሻው የሚያፈናቅል መሆኑ ግልጽ ሆነ። በ1884 ዓ.ም. አካባቢ የተደነገገው ዐሥራት ገበሬው ከምርቱ አንድ ዐሥረኛውን ለሠራዊቱ ስንቅ እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ከገበሬው ቤት እንዲወጣ የታሰበበት ሥርዓት ነው። በሥራ ላይ ሲውል ሁልጊዜ እንደታሰበው አልሆነም፤ ገበሬው ዐሥራቱንም ከፍሎ ሌላውን ግዴታ ይሸከም የነበረበት ስፍራ ብዙ ነው። ያም ሆኖ የማዕዱ ምንጭ ገበሬው መሆኑን መንግሥት በሕግ ያመነበት ጊዜ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የውጫሌ ውል ባመጣው ጠብ ጦርነት ሲነሣ፣ እቴጌይቱ የስንቅ ዕውቀታቸውን ይዘው ዘመቱ። ዘመቻ ማለት ከሁሉ በፊት በሶ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽና ጭኮ ማለት ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያን ጦር በመድፍ አልበገር ሲል፣ የሚጠጣበትን ምንጭ በመያዝ እንዲለቅ ተደረገ። ይህን ዘዴ በማመንጨት ስማቸው የሚነሣው እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የካቲት 23 ቀን በአድዋ ላይ የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰለፉ፤ ሴቶችንም አደራጅተው ለተዋጊው ውኃ እንዲቀርብ፣ ቁስለኛው እንዲታገዝ አደረጉ። ሠራዊቱ ከወራት ጉዞ በኋላ ስንቁ እያለቀ በነበረበት ሰዓት ድሉ መገኘቱን ስናስብ፣ ስንቅ ያዘጋጀ እጅ ከተኮሰ እጅ ያነሰ ሥራ እንዳልሠራ እንረዳለን።

ድሉ ሰላም አመጣ፤ ሰላሙ ደግሞ አዲስ አበባን በሕዝብ አጥለቀለቃት። የከተማዋና የቤተ መንግሥቱ ምድጃ በዙሪያዋ ያለውን ጥድና ወይራ በላው። እንጨት ከምዕራብ በኩል ከመናገሻ ደን ድረስ መምጣት ግድ ሆነ። አፄ ምኒልክም መናገሻ ከተማውን በዚያው በምዕራቡ አቅጣጫ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመለቀቅ ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ቶሎ አዳጊው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በኮልፌ አጠና ተራ የሚሸጠው እንጨት የዚያ ታሪክ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የእቴጌይቱ የመጨረሻው ታላቅ የማዕድ ሥራ ሆቴል ነው። የውጭ መልእክተኞችና ነጋዴዎች ሲበዙ የሚያርፉበትና የሚመገቡበት ቤት አስፈለገ። ጥቅምት 25 ቀን 1900 ዓ.ም. በዛሬው ፒያሳ አካባቢ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ተመረቀ። ለአገሩ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ ነበር፤ እንጀራ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረምና፣ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። በመጀመሪያ ተመጋቢ በመጥፋቱ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው እንደበሉ፣ ሒሳቡንም ከፍለው ሥራውን እንዳስለመዱ ሲነገር ኖሯል። ግብር ያበሉ የነበሩት እቴጌ ማዕድ ለሸጠም ለገዛም ክብር እንዳለው አሳዩ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ጨለመባቸው። አፄ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ እቴጌይቱ መንግሥቱን ለማስተዳደር ሞከሩ፤ የሸዋ መኳንንት ግን ተባብረው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። ባለቤታቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያበሉበት የደብር ደጅ የጸጥታና የጸሎት መኖሪያቸው ሆነ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ፤ በኋላም ዐፅማቸው በበዓታ ለማርያም ከአፄ ምኒልክ ጎን ዐረፈ።

ይህን ታሪክ ዛሬ ማንሣት ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ የወይን እርሻዎች መካከልና በሉዋር ወንዝ ሸለቆ የድሮ መሳፍንት ያሠሯቸው ግንቦች አሁን ለእንግዳ ክፍት ናቸው። መንገደኛው ገንዘቡን ከፍሎ በግንቡ ውስጥ ይሰነብታል፤ የአገሩን ምግብ አሠራር ይማራል፤ ወይኑን ከነበቀለበት መሬት ጋር ያውቃል። ከ1935 ጀምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው የፈረንሳይ ሕግ ወይን በበቀለበት አካባቢ ስም እንዲጠራ፣ ሌላው በዚያ ስም እንዳይሸጥ ይጠብቃል። ስለዚህ በግንቡ ማዕድ ላይ የሚቀዳው ወይን የገበሬውን መሬት ስም ይዞ ይቀርባል፤ የስሙም ጥቅም በከፊል ወደ ገበሬው ይመለሳል።

እኛ ዘንድ ግንቡም፣ ማዕዱም፣ መጠጡም አለ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ አብዛኛው ማር ግን ጠጅ ሆኖ ሲጠጣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ቀፎ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ጌሾ የሚተክለው ገበሬ ስም በብርሌው ላይ አይነበብም። በክፉው ቀን አገር ያስራበው የከብት በሽታ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ነጻ መሆኗ የተረጋገጠለት፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀው በክትባትና በእንስሳት ሐኪሞች የዓመታት ድካም ነው፤ የበሬው ጤና የማዕዱ ጤና መሆኑን ለመረዳት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶብናል።

የእቴጌይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ቢጎዳም ስሙ አልጠፋም፤ አገር ጎብኚም ይጠይቀዋል። የምግብና የመጠጥ ጉብኝት በአገራችን ሲስፋፋ እንግዳው ከአዳራሹ አልፎ ማሩ ወደሚቆረጥበት፣ ጤፉ ወደሚወቃበት መንደር ቢደርስ፣ ግብር የሚለው ቃል ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። በሁዳድ ላይ ያለ ክፍያ ያረሰው ገበሬ የልጅ ልጆች በማዕዱ ላይ ስማቸው የሚጠራበት፣ ከማዕዱም ድርሻቸው የሚደርሳቸው ያን ጊዜ ነው።