ያለ ዲፕሎማ ከተማ ያጠጡት ዋና መሐንዲስ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የሎስ አንጀለስን ከተማ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያገለገሉት ዊሊያም ሙልሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1855 በአየርላንድ ቤልፋስት ተወልደው በደብሊን አደጉ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከቤት ወጥተው በመርከበኛነት ከሠሩ በኋላ በ1877 ሎስ አንጀለስ ገቡ። በዓመቱ በከተማዋ የውኃ ኩባንያ ተቀጥረው የጀመሩት ሥራ አካፋ ይዞ ቦይ መጥረግ ነበር።

ምህንድስናን በኮሌጅ አልተማሩም። ቀን ቦይ ሲጠርጉ ውለው ማታ ማታ የሒሳብና የውኃ ምህንድስና መጻሕፍት በማንበብ በ1886 የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቁ። ከተማዋ ኩባንያውን በ1902 ስትረከብም በኃላፊነታቸው ላይ አቆየቻቸው። የቧንቧው መስመር ሁሉ በካርታ ሳይሆን በእርሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ተመዝግቦ ስለነበር ከተማዋ ሌላ አማራጭ እንዳልነበራት ይነገራል።

ስማቸውን ያስጠራው ከኦወንስ ሸለቆ የተሳበው የውኃ መስመር ነው። በ1908 ተጀምሮ በ1913 የተጠናቀቀው ይህ መስመር 375 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ውኃውን ያለ ፓምፕ በቁልቁለት ብቻ ያደርሳል። የሸለቆው ገበሬዎች ውኃችን ተወሰደ ሲሉ ቢቆዩም፣ በሎስ አንጀለስ የሙልሆላንድን ቃል የሚጠይቅ ባለሥልጣን አልነበረም ማለት ይቻላል።

የሴንት ፍራንሲስ ግድብ የተሠራው በዚህ ዓይነት አመኔታ ነው። ከ1924 እስከ 1926 በኮንክሪት የተገነባው ግድብ 47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ከፍታው ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው በ3 ሜትር ያህል እንዲጨምር ሲደረግ የመሠረቱ ስፋት ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። በወቅቱ የነበረው የግዛቱ ሕግ የራሳቸው የምህንድስና ክፍል ያላቸውን ከተሞች ከግዛቱ መሐንዲስ ቁጥጥር ነፃ ያደርግ ስለነበር፣ ንድፉን ያወጣውም፣ ግንባታውን የመራውም፣ ደኅንነቱን ያረጋገጠውም አንድ መሥሪያ ቤት ሆነ።

መጋቢት 12 ቀን 1928 (እ.ኤ.አ.) ጠዋት የግድቡ ጠባቂ የደፈረሰ ውኃ ሲፈስ አይቶ አሳወቀ። ሙልሆላንድ ከምክትላቸው ጋር በቦታው ተገኝተው ከመረመሩ በኋላ አሥጊ ነገር የለም ብለው ተመለሱ። ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩት ግድቡ ፈረሰ። ጎርፉ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፓሲፊክ ውቅያኖስ እስኪደርስ ከ400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጠባቂውም ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

ሙልሆላንድ በአጣሪዎቹ ፊት ቀርበው ጥፋቱን በሠራተኞቻቸው ላይ አላሳበቡም፤ ራሳቸው ወሰዱት። አጣሪዎቹ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ወንጀል ባያገኙም፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን የትልቅ ግድብ ፈራጅ ሊሆን እንደማይገባ ወሰኑ።

ካሊፎርኒያ በ1929 ግድቦችን በግዛቱ ቁጥጥር ሥር የሚያደርግ ሕግ ስታወጣ፣ በዚያው ዓመት ሲቪል መሐንዲሶች ተመዝግበው የሙያ ፈቃድ እንዲያወጡ ደነገገች። ዋዮሚንግ ተመሳሳይ ሕግ በ1907 በማውጣት ቀድማት ነበር። እርግጥ ነው፣ ፈቃድ የሚሰጥ ቦርድ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ሙልሆላንድን የመሰለ አንጋፋ ባለሙያን ይከለክል ነበር ማለት ያስቸግራል፤ በ1990ዎቹ የወጡ ጥናቶችም ግድቡ በአንድ በኩል የተደገፈው በጥንት የመሬት መንሸራተት ላይ እንደነበረና ይህንንም የዘመኑ ጂኦሎጂስቶች ለይተው ማወቃቸው እንደሚያጠራጥር አመልክተዋል። ያም ሆኖ የከፍታውን ጭማሪ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ሆኖ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ሌላ መሐንዲስ አለመኖሩ ከጂኦሎጂው እኩል የሚነሳ ጉዳይ ነው።

ሙልሆላንድ በ1928 መጨረሻ ከኃላፊነታቸው ተነስተው ቀሪ ዕድሜያቸውን በአመዛኙ ከሕዝብ ርቀው አሳለፉ። ሐምሌ 22 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) በ79 ዓመታቸው አረፉ። በሆሊውድ ኮረብታ ላይ ያሠሩትና በስማቸው የሚጠራው ሌላው የኮንክሪት ግድብ ከአደጋው በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ ከታች በኩል በአፈር ክምር ተደግፎ ዛፎች ተተከሉበት።