የውኃውን እንጂ የአፈሩን መንገድ ያልጠየቀው ብሩስ

ከይፋግ ወደ ጣና ለሚመለከት ሰው ከፊቱ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ጠርገው ያወረዱት አፈር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ አገር የተመላለሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን ልቡ የተንጠለጠለው በውኃው ላይ ነበር።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ኪናርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ሕግ መማር ጀምሮ ተወው። የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆነ፤ ባለቤቱ በተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው ሞተችበት፤ በኋላም በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠራ። በ1769 በምፅዋ በኩል ገብቶ በማግስቱ ዓመት ጎንደር ደረሰ። በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብና በራስ ሚካኤል ስሑል ዘንድ ሞገስ አገኘ። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። በ1771 ራስ ሚካኤል ከጣና ምሥራቅ ሰርባኩሳ ላይ ሲሸነፉ እዚያው ነበር።

ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን በ1618 ማየቱን ብሩስ አልተቀበለም። ለቀዳሚነቱ እንደ ርስት ተሟጋች ተከራከረ፤ የሰከላ ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ያውቀው ነበር። አገሩ ሲመለስ ብዙዎች አላመኑትም። ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉን በ1790 አሳተመ፤ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ወንዙ ግን ሌላ ጫፍ አለው። ጣና ከሚገባበት ደለል አብዛኛውን ያስቀራል። ከጣና በታች ግን ዓባይ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ የሚሰበስበው አፈር ለብዙ ሺሕ ዓመታት ከግብፅ አልፎ በሜድትራንያን ጥልቅ ወለል ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል፤ ስፋቱ ወደ 100 ሺሕ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የብሩስ አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በበረዶው ዘመን ስኮትላንድን የሸፈነው የበረዶ ግግር ድንጋይና አፈር እየፋቀ ጥልቀት የሌለው ባሕር እስከሚያበቃበት ጠርዝ ገፋ፤ ጭቃው ቁልቁል እየተንሸራተተ ከምዕራብ ደሴቶቿ ባሻገር ባራ የተባለውን የደለል ማራገቢያ ሠራ። ብሩስ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ አጋሲ የበረዶ ዘመንን ሐሳብ ያቀረበው በ1837 ነው።

የስኮትላንድ በረዶ ቀልጦ ሥራውን አቁሟል። የእኛ ጎርፍ ግን አላቆመም። በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ደለሉን ከባሕር ከለከለ፤ በ2025 የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ እዚሁ ያስቀረዋል። ዛሬ ከማሳ የሚነሳው አፈር የራሳችንን ግድብ የሚሞላ ነው። ስለ ምንጩ ብዙ ተከራክረናል፤ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ግን ክርክር አያስፈልገውም።