አለን ኒዌል፡ የሰውን አስተሳሰብ በኮምፒውተር የፈተኑት ሳይንቲስት

በአውሮፓውያኑ 1958 ክረምት፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ በሚገኘው ራንድ የምርምር ተቋም፣ አንቱ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ተማሩ።

ከአስተማሪዎቻቸው አንዱ የ31 ዓመቱ አለን ኒዌል ነበሩ። ገና የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ አንድ ዓመት ቢሆናቸው ነው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብዙዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሚያጠኑት በዓይን የሚታየውን ባሕርይ ብቻ ነበር። በአእምሮ ውስጥ የሚከናወነው ነገር ለሳይንስ እንደማይመች ይታሰብ ነበር። ኒዌል ይህን አልተቀበሉም።

ከፊዚክስ ወደ አእምሮ

ኒዌል በ1927 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለዱ። አባታቸው በስታንፈርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የራዲዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ።

እርሳቸውም በስታንፈርድ ፊዚክስ ሲያጠኑ ከሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖልያ ተማሩ። ፖልያ ትኩረታቸው ከመልሱ ይልቅ ሰው ወደ መልሱ የሚደርስበት መንገድ ላይ ነበር።

በፕሪንስተን የጀመሩትን የሒሳብ ትምህርት ከአንድ ዓመት በኋላ ትተው በ1950 ራንድ ገቡ። በዚያም የአየር መከላከያ ሠራተኞች የራዳር መረጃን ተቀብለው እንዴት እንደሚወስኑ አጠኑ። ኮምፒውተር ቁጥር ከማስላት አልፎ ምልክቶችን ሊያስተናግድ እንደሚችል የተገነዘቡት በዚህ ሥራ ነው።

ከኸርበርት ሳይመንና ከክሊፍ ሾው ጋር ሆነው የሎጂክ ማረጋገጫዎችን የሚፈልግ ፕሮግራም ነደፉ። ፕሮግራሙ በማሽን ላይ ከመሥራቱ በፊት፣ በ1956 መጀመሪያ፣ ሳይመን ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ለእያንዳንዳቸው ካርድ በማደል ሒደቱን በሰው አስሞክረዋል።

ፕሮግራሙ በኋላ በራስልና በኋይትሄድ የሒሳብ መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ከሚገኙት የመጀመሪያዎቹ 52 ቲዎሬሞች 38ቱን አረጋገጠ።

የክረምቱ ሥልጠና

የ1958ቱ ሥልጠና ይህን አዲስ መንገድ ለሌሎች ለማስተላለፍ የታሰበ ነበር። ወጪውን የሸፈነው የአሜሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ነው።

እነ ኒዌል አንድን ሰው ችግር ሲፈታ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርጉና ቃሉን ይመዘግባሉ። ከዚያም ፕሮግራሙ የሚሄድባቸውን ደረጃዎች ከሰውየው ደረጃዎች ጋር ያነጻጽራሉ።

በወረቀት የተጻፈ ንድፈ ሐሳብ ክፍተቱን በሚያምር ቃል ሊሸፍን ይችላል። ማሽን ግን ያልተነገረውን ከራሱ አይሞላም፤ አንድ ደረጃ ከጎደለ ይቆማል። ምሁራኑ ከንግግር ይልቅ ሥራውን በእጃቸው መሞከር ያስፈለጋቸውም ለዚህ ነው።

ከተሳታፊዎቹ መካከል የነበሩት ጆርጅ ሚለር፣ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ1960 ያሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን ለብዙ የሥነ ልቦና ምሁራን አደረሰ። ኒዌልና ሳይመን ግን ለሥራቸው ተገቢው ዕውቅና አልተሰጠንም በሚል ቅር ተሰኝተው ነበር።

ያልተቋጨው ጥያቄ

ኒዌል ከ1961 ጀምሮ በፒትስበርግ፣ ዛሬ ካርኔጊ ሜለን በሚባለው ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1975 ከሳይመን ጋር በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ።

 ከሽልማቱ ቀደም ብሎ በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ የሙያ ባልደረቦቻቸውን ተችተው ነበር። በጥቃቅን ጥያቄዎች ላይ ሙከራ መደራረብ ብቻውን ስለ አእምሮ የተሟላ ዕውቀት እንደማያስገኝ ተከራከሩ።

መልስ ይሆናል ያሉትን ሶር የተባለ ሥርዓት ከተማሪዎቻቸው ከጆን ሌርድና ከፖል ሮዘንብሉም ጋር ገነቡ። ዓላማው ትውስታን፣ መማርንና ችግር መፍታትን በአንድ ሞዴል ማስረዳት ነበር። በ1990 የወጣው መጽሐፋቸውም የዚሁ ጥረት ፍሬ ነው።

በሰኔ 1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሰጣቸው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሐምሌ 19፣ በ65 ዓመታቸው በካንሰር አረፉ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረባቸው ጆን አንደርሰን ያዳበሩት ሌላ የአእምሮ ሞዴልም በክረምት ሥልጠናዎች ለተመራማሪዎች ሲሰጥ ቆይቷል።

ዛሬ የክረምት ሥልጠና በብዙ አገሮች ተለምዷል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም በክረምት ወራት ወጣቶችን ያሠለጥናል። አብዛኞቹ ሥልጠናዎች የሚያተኩሩት የተሻለ ማሽን በመሥራት ላይ ነው።

የኒዌል ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። እርሳቸው ማሽኑን የፈለጉት ሰው ለምን እንደሚዘገይ፣ የት እንደሚሳሳትና እንዴት እንደሚማር እንዲያሳያቸው ነበር።